ፋይሉ አልጠፋም፣ የቱ እንደሆነ ነው የጠፋኝ፦ ኮድ ላልሆነ ነገር ጊት ስጠቀም ያየሁት

ኮድ ጽፌ አላውቅም፣ ስራዬም ከፕሮግራሚንግ ጋር አይገናኝም። ግን ላለፉት ጥቂት አመታት የምጽፈውን ነገር በሙሉ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን፣ ሲቪዬን፣ የስብሰባ ማስታወሻዬን፣ የወጪ ሰንጠረዤን፣ የኮምፒውተሬን ሴቲንግ ሳይቀር በጊት (የፋይል ለውጥ ታሪክ መዝግቦ በሚይዝ ፕሮግራም) ነው የምይዘው። ሰው ሲሰማ "እሱ የፕሮግራመሮች አይደል እንዴ" ይለኛል፣ አዎ ለእነሱ ተብሎ ነው የተሰራው፣ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊነክስ ከርነል ኮድ ብሎ ነው የጀመረው፣ እና ለኮድ ተብሎ በመሰራቱ ሌላ ፋይል ስትሰጡት የሚያስቸግርበት ቦታ አለ። እኔ አንድ አመት ሙሉ እየተደናቀፍኩ የተማርኩትን እናንተ በአንድ ቀን እንድታልፉት ብዬ ነው የምጽፈው። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የማስቀምጣቸው።

መጀመሪያ ለምን እንደጀመርኩ ልንገራችሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን እንደማንኛውም ሰው በማይክሮሶፍት ወርድ ነበር የምጽፈው። ለውጥ ባደረግኩ ቁጥር ሴቭ አዝ ብዬ በሌላ ስም አስቀምጣለሁ፣ ረቂቅ 4፣ ረቂቅ 4 የታረመ፣ የመጨረሻ፣ የመጨረሻ አዲሱ፣ አማካሪ ያዩት፣ አማካሪ ካዩት በኋላ፣ እንዲህ እያለ 41 ፋይል ደረሰ፣ ግማሹ ላፕቶፕ ላይ፣ ግማሹ ፍላሽ ላይ፣ የቀረው ደግሞ ለራሴ በኢሜይል የላክኩት። አንድ ቀን አማካሪዬ "ምዕራፍ 3 ላይ የነበረው ሰንጠረዥ የት ሄደ? መልሺው እንጂ፣ ዋናው እኮ እሱ ነው" አሉኝ። ያወጣሁት እኔው ነኝ፣ ከ2 ወር በፊት፣ አይጠቅምም ብዬ። ረቂቁን ለማስገባት የቀረኝ 5 ቀን ነው። ፋይሎቹን አንድ በአንድ መክፈት ጀመርኩ፣ ከ20 በላይ ከፈትኩ፣ አንዱ ውስጥ ሰንጠረዡ አለ ግን ቁጥሩ አልተሞላም፣ ሌላው ውስጥ ርዕሱ ብቻ አለ፣ ሌላው ጭራሽ ከዛ በፊት የተጻፈ ነው፣ በቀን እንዳልለያቸው ከፍላሽ ወደ ላፕቶፕ ኮፒ ሳደርግ ቀናቸው ተቀላቅሏል። በመጨረሻ ተውኩትና ከጥሬ መረጃው ተነስቼ እንደ አዲስ ሰራሁት፣ 4 ሌሊት ፈጀብኝ። ፋይሉ እኮ አልጠፋም ነበር፣ እዛው ነበር። የቱ እንደሆነ ነው የጠፋኝ።

ይህን የሰማ ሶፍትዌር የሚሰራ ጓደኛዬ "እስቲ ፎልደሩን አሳዪኝ" አለና ጊት ጫነልኝ። ሀሳቡ ከባድ አይደለም። ፋይሉ አንድ ብቻ ይሆናል፣ ስሙም አይቀየርም። አንድ ነገር ሰርታችሁ ስትጨርሱ ኮሚት ታደርጋላችሁ፣ ኮሚት ማለት ፎልደሩ በዛች ሰአት የነበረው መልክ እንዳለ ተመዝግቦ ይቀመጣል ማለት ነው፣ ከጎኑ ቀኑ፣ ማን እንዳደረገውና አጭር መልእክት ይኖራል። የድሮውን ማየት ስትፈልጉ ወደዛ ኮሚት ሄዳችሁ ታያላችሁ። ታሪኩ በሙሉ የሚቀመጠው እዛው ፎልደር ውስጥ በተደበቀ ንዑስ ፎልደር ነው (ስሙ ነጥብ ጊት ይባላል)፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ አካውንት አይፈልግም። ብዙ ሰው ጊትና ጊትሃብ አንድ ይመስሉታል፣ ጊት ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው ፕሮግራም ነው፣ ጊትሃብ ደግሞ ያንን ታሪክ ኢንተርኔት ላይ ከሚያስቀምጡላችሁ ቦታዎች አንዱ ነው። ጥቁሩ ስክሪን ላይ መጻፍ የሚያስፈራው ሰው በማውዝ የሚሰራባቸውን ጊትሃብ ዴስክቶፕን ወይ ቪኤስ ኮድን መጠቀም ይችላል፣ እኔም የመጀመሪያውን 3 ወር በማውዝ እየተጫንኩ ነው የሰራሁት፣ ምንም አልጎደለብኝም።

እኔም የወርድ ፋይሌን እንዳለ አስገባሁትና በየቀኑ ኮሚት ማድረግ ጀመርኩ። ደስ ብሎኝ ሳምንት ቆየሁ። ከዛ "ትላንትና እና ዛሬ መሀል ምንድነው የቀየርኩት" ብዬ ጊት ዲፍ ስለው የመለሰልኝ አንድ መስመር ነው፣ ሁለቱ ባይነሪ ፋይሎች ይለያያሉ። በቃ። ምን እንደተለወጠ አይነግረኝም። ለካ የወርድ ፋይል ማለት ዚፕ ነው፣ ስሙ መጨረሻ ላይ ያለውን ዶክኤክስ ዚፕ ብላችሁ ቀይራችሁ ክፈቱት፣ ውስጡ ብዙ የኤክስኤምኤል ፋይል፣ ምስል ምናምን ታጭቆ ታገኛላችሁ። ጊት የሚያወዳድረው ጽሑፍን በመስመር በመስመር ነው፣ የታመቀ ፋይል ደግሞ ለእሱ ትርጉም የሌለው የባይት ክምር ነው፣ አንድ ፊደል ስትቀይሩ ፋይሉ ከሞላ ጎደል ሌላ ፋይል ይሆንበታል።

ለዚህ አንድ መውጫ አለ፣ ወርድን መተው ለማይችል ሰው በጣም ይጠቅማል። ፓንዶክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ አንዱን የጽሑፍ አይነት ወደ ሌላው የሚቀይር። ጊትአትሪቢዩትስ በሚባለው ፋይል ውስጥ "መጨረሻው ዶክኤክስ የሆነ ሁሉ ሲወዳደር በፓንዶክ በኩል ይለፍ" ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ከዛ ጊት ኮንፊግ (የጊት ሴቲንግ) ላይ ቴክስትኮንቭ በሚባለው ቦታ የፓንዶክን ትእዛዝ ታስገባላችሁ። ከዛ በኋላ ዲፍ ስትሉ ሁለቱንም ወደ ተራ ጽሑፍ ቀይሮ የተለወጠውን ያሳያችኋል። ግን ልብ በሉ፣ ይሄ ለማየት ብቻ ነው። ሁለት ሰው አንዱን የወርድ ፋይል ለየብቻ ቀይሮት ከሆነ ጊት አያዋህድላችሁም፣ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ነው የሚላችሁ።

እኔ ወር ያህል እንደዛ ሰርቼ ከዛ ጠቅልዬ ወደ ማርክዳውን ገባሁ። ማርክዳውን ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፣ ርዕስ ለማድረግ ከፊቱ ምልክት ታደርጋላችሁ፣ ለማድመቅ ኮከብ፣ ሌላ ብዙ ነገር የለውም። ወርድ ወይ ፒዲኤፍ ሲያስፈልግ ፓንዶክ ያወጣላችኋል። ሂሳብ ወይ ብዙ ቀመር ያለበት ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው ላቴክን ይመርጣል፣ እሱም ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ከጊት ጋር ይስማማል።

አሁን የምነግራችሁ ግን ማንም ቀድሞ ያልነገረኝ ነገር ነው፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄን ውሰዱ። ማርክዳውን ገብቼም ዲፉ አላነብ ብሎኝ ነበር። አንድ ኮማ ስቀይር አንቀጹ በሙሉ በቀይ ይሰረዝና በሙሉ በአረንጓዴ እንደገና ይጻፋል። ምክንያቱም እኛ ስንጽፍ አንቀጽ ሲያልቅ ነው ኢንተር የምንጫነው፣ ስለዚህ ለጊት 12 ዓረፍተ ነገር ያለው አንቀጽ አንድ መስመር ነው። ኮድ ላይ መስመር አጭር ነው፣ አንድ መስመር አንድ ሀሳብ ነው፣ እኛ ጋ አይደለም። መፍትሄው አራት ነጥብ ባደረጋችሁ ቁጥር ኢንተር መጫን ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ መስመር። ማርክዳውንም ላቴክም አንድ ኢንተርን እንደ ባዶ ቦታ ነው የሚቆጥሩት፣ አንቀጽ የሚለየው በመሀል ባዶ መስመር ስትተዉ ነው፣ ስለዚህ ታትሞ ሲወጣ ምንም አይታወቅም። ይህን ካደረግኩ በኋላ ሁሉ ነገር ተከፈተልኝ፣ የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደተነካ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ዓረፍተ ነገር ከላይ ወደ ታች ማዛወር ቀላል ሆነ፣ ሁለት ሰው አንድ አንቀጽ ላይ የተለያየ ዓረፍተ ነገር ነክቶ እንኳ ብዙ ጊዜ ጊት ራሱ ያዋህደዋል (አጠገብ ለአጠገብ ያሉ መስመሮች ከሆኑ ኮንፍሊክት ብሎ እናንተ ምረጡ ሊላችሁ ይችላል)። ሌላም ጥቅም አለው፣ ከጊት ጋር የማይገናኝ፣ የዓረፍተ ነገሬን ርዝመት በአይኔ ማየት ጀመርኩ፣ አንዱ መስመር ከስክሪኑ ሲያልፍ "ይሄ መቆረጥ አለበት" እላለሁ።

በቃላት ደረጃ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ጊት ዲፍ ብሎ ሁለት ሰረዝ ወርድ ሰረዝ ዲፍ የሚል ይጨምርበት፣ የተቀየረችውን ቃል ብቻ ለይቶ ያሳያል። የድሮ ጽሑፋችሁን ወደ ዓረፍተ ነገር በመስመር ስትቀይሩ ግን ያንን ብቻ አድርጋችሁ ለብቻው ኮሚት አድርጉት፣ ከሌላ እርማት ጋር አትቀላቅሉት። መስመሩን በራሱ ጊዜ እየሰበረ የሚያስተካክል ኤዲተር ካላችሁም ያንን አጥፉት፣ አንድ ቃል በጨመራችሁ ቁጥር ከታች ያለውን ሁሉ ያንሸራትተዋል።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለ። የመጀመሪያው የፋይል ስም ነው። ፋይሉን "ምዕራፍ 1" ብዬ በአማርኛ ሰይሜ ጊት ስታተስ ስለው ስሙ በኋላ ሰረዝና በቁጥር ተሞልቶ መጣ፣ 341 እያለ የሚደጋገም። ፋይሌ የተበላሸ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። አልተበላሸም፣ ጊት ከእንግሊዝኛ ፊደል ውጭ ያለውን ስም ሲያሳይ በባይት ቁጥር ነው የሚጽፈው፣ የእኛ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ 3 ባይት ነው፣ የመጀመሪያው ባይት 341 የሚሆነው ለዛ ነው። ጊት ኮንፊግ ላይ ኮር ነጥብ ኮትፓዝ የሚለውን ፎልስ ብታደርጉት ስሙ በፊደላችን ይታያል። አንድ ጊዜ ግሎባል ብላችሁ ካደረጋችሁት ለሁልጊዜ ነው።

ሁለተኛው የድሮ ኖትፓድ ነው። ሴቭ ስታደርጉ ዩኒኮድ የሚለውን ምርጫ ከወሰዳችሁ ፋይሉ በዩቲኤፍ 16 ነው የሚቀመጠው፣ በዛ አይነት ሲቀመጥ ባዶ ቦታው ሁሉ ውስጡ ዜሮ ባይት ስላለው ጊት ባይነሪ ነው ብሎ ያስበዋል፣ ተራ ጽሑፍ ሆኖ እያለ ዲፍ አያሳይም። ዩቲኤፍ 8 ብላችሁ እንደገና ሴቭ አድርጉት፣ ያልቃል። አዲሱ ዊንዶውስ ላይ ኖትፓድ ራሱ ዩቲኤፍ 8 ነው የሚጠቀመው፣ ከድሮ ኮምፒውተር የመጣ ፋይል ላይ ነው ይሄ የሚያጋጥማችሁ።

ሦስተኛው ፊደላችን ነው፣ ሰ እና ሠ፣ ሀ ሐ ኀ፣ ጸ እና ፀ። አንድ ጊዜ ጽሑፌ ውስጥ "ፅሁፍ" የሚለውን ሁሉ "ጽሑፍ" ላድርገው ብዬ ሪፕሌስ ኦል ሰጠሁ፣ እዛው ላይ ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ ሀሳብ ቀይሬ ነበር፣ ሁለቱንም ባንድ ላይ ኮሚት አደረግኩት። ከሳምንት በኋላ የሀሳቡን ለውጥ ላይ ብል ከ200 በላይ መስመር ተቀይሯል፣ ሀሳቡ የፊደሉ ለውጥ ውስጥ ተውጧል። ከዛ ወዲህ የፊደል እርማት ለብቻው፣ የሀሳብ ለውጥ ለብቻው ነው ኮሚት የማደርገው፣ ተቀላቅሎብኝ ከሆነም ጊት አድ ብዬ ሰረዝ ፒ ስጨምር ለውጡን ቁራጭ በቁራጭ እያሳየ ይሄኛውን ላስገባ ወይስ ልተው ብሎ ይጠይቀኛል።

ወደ መልእክቱ ልምጣ። መጀመሪያ ላይ የኮሚት መልእክቴ "ለውጥ"፣ "ሌላ ለውጥ"፣ "የማታው" የሚል ነበር። ተመልከቱ፣ የመጨረሻ አዲሱ የሚለውን የፋይል ስም ወደ መልእክት አዛወርኩት እንጂ ያው ነው። ምን እንደተለወጠ ጊት ራሱ ያውቀዋል፣ የማያውቀው ለምን እንደተለወጠ ነው፣ እሱን ካልጻፋችሁለት የትም የለም። አሁን እንዲህ ነው የምጽፈው፦ "ምዕራፍ 2 ላይ ስለ ናሙና አመራረጥ የነበረውን አንቀጽ አወጣሁት፣ አማካሪዬ ከመግቢያው ጋር ይደገማል ስላሉ"። ከ5 ወር በኋላ ለምን ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱ እዛው ይጠብቃችኋል። በነገራችን ላይ ይሄ ለቃለ ጉባኤ፣ ለመተዳደሪያ ደንብ፣ ለውል ረቂቅ የበለጠ ይሰራል፣ የአንድ ደንብ አንቀጽ ለምን ተቀየረ የሚለው ጥያቄ ከራሱ ከአንቀጹ በላይ የሚያጨቃጭቅ ስለሆነ። እ.ኤ.አ. በ2012 የጀርመን ፌደራል ሕጎች ወደ ማርክዳውን ተቀይረው ጊትሃብ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ሕግ ሲቀየር ለውጡ እንደ ኮሚት እንዲታይ ተብሎ። ይህን ሳይ ነው ነገሩ ለጽሑፍ ሰውም መሆኑ የገባኝ።

ጠፍቶ የነበረ ነገር መፈለግ ላይ ደግሞ የምወደው ትእዛዝ አለ። ጊት ሎግ፣ ከዛ ሰረዝ ትልቁ ኤስ፣ ከዛ ከጎኑ የምትፈልጉት ቃል። ያ ቃል የገባበትንና የወጣበትን ኮሚት ብቻ ለቅሞ ያመጣል። ቃሉ አሁን ፋይሉ ውስጥ ባይኖርም። አማካሪዬ ሌላ ቀን "ያ የመልስ ሰጪዋ ንግግር ቆንጆ ነበር፣ ለምን አወጣሽው" ሲሉኝ ከንግግሩ የማስታውሳትን አንዲት ቃል ሰጠሁት፣ 2 ኮሚት አመጣ፣ አንዱ የገባበት፣ አንዱ የወጣበት፣ ደቂቃ አልፈጀም። ከወጣበት አንድ ቀደም ወዳለው ሄጄ ጥቅሱን ኮፒ አድርጌ መለስኩት። ግን ፊደል በፊደል ነው የሚፈልገው፣ "ሰንጠረዥ" ብላችሁ "ሠንጠረዥ"ን አያመጣም፣ ስለዚህ እኔ ካጣሁ ሌላውን አጻጻፍ እሞክራለሁ።

ይሄ ነገር አጻጻፌንም ቀየረው። ድሮ አንድ አንቀጽ ለመሰረዝ እፈራ ነበር፣ ታች ወስጄ "ምናልባት" በሚል ርዕስ ስር እከምረው ነበር፣ ክምሩ 9 ገጽ ደርሶ ያውቃል። አሁን እሰርዘዋለሁ።

ታግ የሚባለውንም ተጠቀሙበት። ለሰው የሰጣችሁትን እያንዳንዱን ቅጂ ስም ስጡት፣ ለአማካሪ የተሰጠ 2፣ ለመርማሪ የተላከ፣ እንዲህ። አማካሪዬ በወረቀት አትመው ከ3 ሳምንት በኋላ "ገጽ 47 ላይ ሦስተኛው መስመር" ሲሉኝ የእኔ ገጽ 47 ሌላ ሆኗል፣ ግን ታጉን ከፍቼ እሳቸው የያዙትን ልክ እንዳለ አያለሁ።

አማካሪዬ ጊት አይጠቀሙም፣ ይጠቀሙም አልልም። ይሄ የሁላችሁም ችግር ይሆናል፣ ከጎናችሁ ያለው ሰው ወርድ ነው የሚፈልገው። እኔ በፓንዶክ ወርድ አውጥቼ እልካለሁ፣ እሳቸው ትራክ ቼንጅስ አብርተው አርመው ይመልሳሉ፣ ከዛ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ በእጄ ወደ ማርክዳውኑ አስገባለሁ። ፓንዶክ እርማቱንና ኮሜንቱን ጭምር አውጣልኝ ስትሉት ያወጣል (ትራክ ቼንጅስ የሚል አማራጭ አለው፣ ኦል በሉት)፣ ግን እሱ የሚያወጣው በምልክት የተሞላ ስለሆነ ለማንበብ እንጂ እንዳለ ለመለጠፍ አይሆንም። አድካሚ ነው፣ አልዋሻችሁም። አንድ ሰአት ይፈጃል። እኔ እርማቱን በየዓይነቱ እያስተዋልኩ ስለማስገባው ወድጄዋለሁ፣ ግን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከሰው ጋር ፋይል የምትቀባበሉ ከሆነ ጊት አይሆናችሁም፣ ጉግል ዶክስ ላይ ቨርዥን ሂስትሪ አለ፣ እሱ ይበቃችኋል፣ አስፈላጊውን ቅጂ ስም መስጠትም ይቻላል።

ምስልና ቪዲዮ ላይ በጣም ተሳስቻለሁ። ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ አስገባሁ፣ የቃለ መጠይቅ ቅጂ ድምጽ፣ ፎቶ፣ የፖስተር ፎቶሾፕ ፋይል። ፖስተሩን 15 ጊዜ ያህል አሻሻልኩት፣ እያንዳንዱ ብዙ ሜጋባይት ነው፣ የታመቀ ፋይል ላይ ጊት ልዩነቱን ብቻ ለይቶ ማስቀመጥ ስለሚከብደው 15 ሙሉ ቅጂ ያህል ተከመረ። ከዛ ወደ ጊትሃብ ፑሽ ሳደርግ (ታሪኩን ወደዛ ስሰቅል) እምቢ አለኝ፣ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ታዲያ ትልቁን ፋይል ሰርዤ ኮሚት አደረግኩና ደግሜ ሞከርኩ፣ አሁንም እምቢ። ግራ ገባኝ። ፋይሉ አሁን የለም እኮ። ግን ታሪኩ ውስጥ አለ፣ የጊት ስራው እኮ አለመርሳት ነው። ከታሪክ ውስጥ ለማውጣት ፊልተር ሪፖ በሚባል መሳሪያ ታሪኩን እንደገና መጻፍ ነበረብኝ፣ እሱን ከመንካታችሁ በፊት ፎልደሩን በሙሉ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ።

አሁን የማደርገው፣ ጊትኢግኖር የሚባለው ፋይል ውስጥ ገና ከመጀመሪያው ቀን ድምጽ፣ ቪዲዮ፣ ፎቶሾፕ፣ ተመልሶ ሊወጣ የሚችል ፒዲኤፍ፣ ይሄን ሁሉ አታስገባ ብዬ እጽፋለሁ። ጽሑፉ ውስጥ የሚገባው ያለቀለት ትንሽ ምስል ብቻ ይገባል። ትልቅ ፋይል የግድ ታሪክ ያስፈልገዋል ለምትሉ ጊት ኤልኤፍኤስ አለ፣ ሪፖው (ጊት የሚይዘው ፎልደር ከነታሪኩ) ውስጥ የፋይሉን መለያና መጠን የያዘ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ብቻ ያስቀምጥና ትልቁን ሌላ ቦታ ይይዘዋል። በቡድን ዲዛይን የምትሰሩ ከሆነ ደግሞ ሎክ ያለው ነገር ፈልጉ፣ ሰብቨርዥን አለው፣ ኤልኤፍኤስም አለው። ሁለት ሰው አንድ ፖስተር ላይ ለየብቻ ከሰራ ማንም ማዋሃድ አይችልም፣ የአንዱ ልፋት ይጣላል፣ እኛ ላይ ደርሶ አንዲት ልጅ የሁለት ቀን ስራዋ ቀርቶባታል። ሎክ ማለት "አሁን እኔ ይዤዋለሁ" ብሎ መንገር ነው፣ ሌላ አስማት የለውም።

የኤክሴል ፋይልም እንደ ወርድ ዚፕ ነው። መረጃው ብቻ ከሆነ ሲኤስቪ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ አንድ ረድፍ አንድ መስመር ስለሆነ ለጊት የሚመች ከእሱ በላይ የለም፣ ግን ቀመርና ቀለም ይጠፋል። ቀመሩ የሚያስፈልግ ከሆነ ሊብሬኦፊስ ላይ ኤፍኦዲኤስ የሚባል አይነት አለ፣ ሰንጠረዡን በሙሉ ባልታመቀ አንድ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል፣ ዲፉ ብዙ ኮተት አለው ግን ይነበባል።

የኮምፒውተር ሴቲንግ ፋይሎችንም አስገብቻለሁ፣ ላፕቶፕ ስቀይር በአንድ ከሰአት ሁሉ ነገር እንደነበረው ሆነልኝ። ግን እዚህ ጋ አደጋ አለ። ከፋይሎቹ አንዱ ውስጥ የኢሜይል ፓስወርዴ ተጽፎ ነበር፣ አላየሁትም፣ ለሁሉ ክፍት በሆነ ሪፖ ላይ ፑሽ አደረግኩት። ሳየው መስመሯን አጥፍቼ ኮሚት አደረግኩ፣ ጓደኛዬ ወዲያው ደወለና "ማጥፋቱን ተዪው፣ ፓስወርዱን ቀይሪው" አለኝ። ልክ ነው፣ ከታሪክ ውስጥ ብታወጡት እንኳ በመሀል ያየው፣ ያወረደው ሰው ይኖራል። አንዴ ከወጣ እንደወጣ ቁጠሩትና ቀይሩት። ሪፖውንም ገና ሲፈጠር ፕራይቬት አድርጉ። የመታወቂያ ስካን፣ የሰው የግል መረጃ፣ ቃለ መጠይቅ የሰጧችሁ ሰዎች ስም ያለበትን ፋይል ጭራሽ አታስገቡ፣ ከጊዜ በኋላ ይጥፋልኝ የሚል ሰው ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ ከታሪክ ማውጣቱ ከባድ ስራ ነው።

ሌላው፣ የጊት ፎልደርን እንደ ድሮፕቦክስ በራሱ ሲንክ የሚያደርግ ፎልደር ውስጥ አታስቀምጡ። ሁለት ኮምፒውተር ላይ እሰራ ስለነበር ይቀለኛል ብዬ አስቀምጬው ነበር፣ ሲንኩ የተደበቀውን ፎልደር ውስጥ ገብቶ ፋይሎቹን በየተራ ያልሆነ ቅደም ተከተል ሲያዘዋውር አንድ ቀን ሪፖው አልከፍት አለኝ። ያዳነኝ ከዛ በፊት በነበረው ማታ ፑሽ ማድረጌ ነው። ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በፑሽና በፑል (መልሶ በማውረድ) ብቻ ሂዱ፣ ኢንተርኔት ከሌለ ፍላሽ ላይ ቤር የሚባል፣ ታሪኩን ብቻ የሚይዝ ሪፖ ፈጥራችሁ እሱ ላይ ፑሽ ማድረግ ይቻላል። ኮሚት ማድረግ ብቻውን ባክአፕ እንዳልሆነም አትርሱ፣ ላፕቶፑ ከተሰረቀ ታሪኩም አብሮ ይሄዳል።

ጽሑፌን ካስገባሁ በኋላ ትርፍ ጊዜ ሳገኝ እነዛን 41 የወርድ ፋይሎች አወጣኋቸው። ሁሉንም በፓንዶክ ወደ ማርክዳውን ቀየርኳቸው፣ ወርድ ፋይሉ ውስጥ ራሱ የሚመዘግበው የመጨረሻ የታረመበት ቀን አለ፣ ኮፒ ስታደርጉ የማይቀየረው፣ በእሱ ቅደም ተከተል አሰለፍኳቸው፣ ከዛ አንድ ስም እየሰጠሁ አንዱን በአንዱ ላይ እየተካሁ ኮሚት አደረግኳቸው፣ ኮሚት ሲደረግ ዴት የሚለውን አማራጭ ብትጨምሩ የድሮውን ቀን ይቀበላል። አንድ ሙሉ ቀን ፈጀ። ሲያልቅ ጊት ሎግ ሰረዝ ትልቁ ኤስ ብዬ የዛን ሰንጠረዥ ርዕስ ሰጠሁት።

አገኘው። "አማካሪ ካዩት በኋላ" ከሚለው ፋይል ውስጥ ነበር የወጣው፣ ከእሱ በፊት ያለው "የታረመ ለኅትመት" ብዬ ለራሴ በኢሜይል የላክኩት ላይ ሙሉው ሰንጠረዥ አለ። በ4 ሌሊት እንደ አዲስ ከሰራሁት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁት፣ ቁጥሩ ሁሉ አንድ ነው፣ ግን የድሮው ላይ 2 ረድፍ የሉም። የሆነ ጊዜ፣ በሆነ ምክንያት፣ ሁለት መልስ ሰጪዎችን አውጥቻቸዋለሁ። ጥሬ መረጃውን ደጋግሜ አየሁት፣ ማስታወሻ ደብተሬንም አገላበጥኩ። ለምን እንዳወጣኋቸው የትም አልተጻፈም።